የጅብ ጥላ ቀለም

የታሰርኩት ለወንበዴ ጨርቅ ሸጠሃል ተብዬ ነው። ገዢ መታወቂያ ጠይቄ አላውቅም። አሰብ ወደብ አጠገብ ካለ መጋዘን ተከፍሎ በተሠራው ክፍል ስገባ መጀመሪያ ያየሁት ወለሉን ነው፤ ግማሹ የበሰበሰ የዕቃ ሳጥን ጣውላ። ከግድግዳው ጀርባ ቧንቧ ያፈስሳል። ውጪ ሰው በዚያ ሐሩር ለውሃ ይሰለፋል፤ እኛ እርጥብ ላይ እንተኛለን።

አብሮኝ የነበረው ከመቱ ተመድቦ የመጣ የሳይንስ መምህር ነው። ከምርመራ ከተመለሰ ወዲህ ግድግዳ ከማየት በቀር ሥራ አልነበረውም። ሚስቱ መቱ ቀርታለች፤ ይኑር ይሙት አታውቅም።

አንድ ጠዋት ከጣውላው ስንጥቅ እፍኝ የሚሞላ የጅብ ጥላ ፈልቶ አየሁ። የአንዷ ባርኔጣ የሸሚዝ ቁልፍ ቢያክል ነው፤ ቡናማ፣ ስኳር የተነሰነሰባት የምትመስል፣ እግሯ ከክብሪት እንጨት የቀጠነ።

"ቢበላስ?" አልኩ።

መምህሩ ዞረ። በሳምንት ውስጥ የመጀመሪያ ቃሉ ነበር። "ይተዉት ጋሼ። እኛ አገር ደን ውስጥ የወደቀ ግንድ ላይ ይበቅላል። ከሰዓት በኋላ ራሱ ቀልጦ ቀለም ይሆናል።"

"ሳይሸጥ ከዋለ የሚበላሽ ዕቃ አውቃለሁ። ቀለም የሚሆን ግን አላየሁም።"

"ያዩታል።"

እውነትም ከሰዓት ጠርዙ ጠቁሮ መንጠባጠብ ጀመረ። በቆርኪ ተቀበልነው። እስክሪብቶ ክልክል ነው፤ የጅብ ጥላን የከለከለ የለም። መምህሩ መፋቂያዬን ነክሮ፣ ባለቤቴ ልታጥብ በምትወስደው ነጭ ሸሚዜ ኮሌታ ውስጥ የሚስቱንና የከተማዋን ስም ጻፈ። ከሥሩ፣ "አለሁ፣ አሰብ"።

ጠባቂው ሸሚዙን አገላብጦ፣ "አንተ ነጋዴ፣ ቁጭ ብለህም ትቆሽሻለህ?" ብሎ አሳለፈው።

ሸሚዙ በሦስተኛው ቀን ተመለሰ። ኮሌታውን ገለጥኩ። ወተት መስሏል። ባለቤቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ ለጎረቤት ታስነብበዋለች ብዬ ነበር። እድፍ አይታ የማታልፍ ሴት መሆኗን ረስቼ። ተኩሳውም ነበር።

መምህሩ አየውና፣ "ጎበዝ ናቸው" አለ።

በማግስቱ፣ "ዕቃህን ይዘህ ውጣ" ተባለ። ዕቃ አልነበረውም። የለበሰው ሸሚዝ ከምርመራው ወዲህ ከደሙ ጋር ጀርባው ላይ ደርቋል። ቀስ አድርጌ አላቅቄ ነጩን አለበስኩት። ሰፋው። እስከ አንገቱ ቆለፈና፣ "የወላጆች ቀን ያለብኝ አስመሰሉኝ ጋሼ" አለኝ። ወጣ። አልተመለሰም።

ስፈታ መልእክቱን በአፌ ይዤ መቱ ሄድኩ። መርዶው ቀድሞኝ፣ ሚስቱን ማቅ ለብሳ አገኘኋት። በንጹሕ ሸሚዝ እንደወጣ ነገርኳት።

ዛሬም ባለቤቴ ሸሚዝ ስታቀብለኝ ኮሌታውን ገለጥ አድርጌ አያለሁ።

"ደግሞ እድፍ ፈለግህብኝ?" ትለኛለች።

"የለም፣ ነጭ ነው" እላታለሁ። ስለዚያ ጽሑፍ አልነገርኳትም።