ቀበሌው የሚያውቀው ሽርሽር

ቅዳሜ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት፣ ጎንደር

ሎንቺናው ሊነሳ ሲያጓራ ባሌ አስረስ የመስኮቱን ወንበር ለቀቀልኝ። ከተጋባን አምስት ወራችን ነው፤ በገዛ ፈቃዱ መስኮት ሲለቅልኝ የመጀመሪያው። «ደባርቅ ገብተን፣ ተራራ አይተን፣ በልተን ጠጥተን ነገ መመለስ ነው» አለኝ። ዘመኑ ደርግ ነው፤ ሰው የሚጓዘው ለስብሰባ፣ ለዘመቻ ወይም ለለቅሶ ነው። እኔ የመሥሪያ ቤት ታይፒስቷ ግን ለሽርሽር እየሄድሁ ነበር። ኮራሁ፣ ምን ልደብቅ!

ረፋድ 3 ሰዓት፣ ዳባት

ገበያ ነው። በግ፣ ገብስ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ እግሩ የታሰረ ዶሮ። ሾፌሩ «ግማሽ ሰዓት!» ብሎ ወረደ፤ ግማሽ ሰዓቱ ሰዓት ተኩል ሆነ። ፍልሰታ ከተፈታ ገና ሳምንቱ ነውና አስረስ የበግ ጥብስ አዘዘ። በሸክላ እየጨሰ መጣ፤ ቃሪያው አስለቀሰኝ። ያጎርሰኛል፣ ደግሞ ያጎርሰኛል። «ዳባት እንዲህ ከሆነች ደባርቅማ! ውኃው ጠበል ነው፤ ድንቹ እንኳ ቅቤ ቅቤ ይላል።» በጉን ሊሸጥ የመጣ ገበሬ እንኳ እንዲህ አያሞግስም። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ፤ ግን በሞላ አፍ ማን ይጠረጥራል?

ስድስት ሰዓት ገደማ፣ ደባርቅ መግቢያ፣ ኬላ

ሁላችንም ወረድን። በዚያን ጊዜ ከከተማ ከተማ ለመሄድ ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል፤ የጉዞው ምክንያት ይጻፍበታል። የኛን ያወጣው አስረስ ነው። አብዮት ጠባቂው መሠረተ ትምህርቱን በቅርብ የጨረሰ መሰለኝ፤ ጣቱን በፊደሉ ላይ እያስኬደ ጮክ ብሎ አነበበ። «ጓድ አስረስ... ከባለቤታቸው ጋር። ምክንያት፣ በመምህርነት ወደ ደባርቅ ስለተዛወሩ... መኖሪያ ቤት ለመፈለግ።» ከዚያም ፈገግ ብሎ «እንኳን ደህና መጡ፣ መምህር!» አለው።

አስረስ ጫማውን ያያል።

«ለቀበሌ እውነቱን ተናግረህ ለኔ ትዋሻለህ?»

«ለቀበሌ መዋሸት ያሳስራል» አለኝ።

ሳቄ መጥቶ ነበር፤ በንዴት ዋጥሁት።

ዘጠኝ ሰዓት፣ ሊማሊሞ አፋፍ

በእግር ወጣን። ገደሉ፣ ተራራው፣ ምኑ ቅጡ ይታይበታል የተባለው ቦታ ላይ ያለው ጉም ብቻ ነው። አጠገቤ የቆመውን አስረስን እንኳ የማውቀው በድምፁ ነው። «ያውልሽ፣ እዚያ ጋ ነው» እያለ ጉም ያሳየኛል።

«ለምን አልነገርኸኝም?»

«እምቢ ካልሽስ? ሥራሽን፣ እናትሽን ትተሽ... ‹ሂድ ብቻህን› ትይኛለሽ ብዬ ፈራሁ።» ድምፁ ተንቀጠቀጠ፤ ብርዱም ሊሆን ይችላል። አሳዘነኝ። ግን ጥዬው ወደ ከተማው መንገድ ጀመርሁ፤ ይበለው!

አስር ሰዓት ተኩል፣ ደባርቅ

አከራይዋ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ቤቱን ከፈቱልን። አስረስ ከበሩ ላይ አጮልቆ «ግሩም ነው፣ እንይዘዋለን» አለ። በቃ! ጣራው እንደሚያፈስ አላየ፣ ውኃ ከየት እንደሚቀዳ አልጠየቀ፣ በሩ መወርወሪያ እንደሌለው አላስተዋለ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ወደ እኔ ዘወር ብለው «ልጄ፣ ባለቤትሽ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት?» አሉኝ፤ ለለቅሶ ደራሽ በሚሆን ድምፅ።

አስረስ መልሴን ይጠብቃል። አየሁት። ይህን ሰው ብቻውን ብተወው ለጥምቀት አይደርስም።

«እኔም እመጣለሁ፣ እማማ። ግን ይህ ጣራ ሳይጠገን አልገባም።»

አስረስ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ዓይኑን ሲጠርግ አይቼዋለሁ።

እሑድ፣ ዘጠኝ ሰዓት፣ ጎንደር

ለእናቴ እንዴት እንደምነግራት መንገዱን ሙሉ ሳጠና ነው የመጣሁት፤ አንድያ ልጇ ነኝ። ገና ከደጃፍ «ተራራው እንዴት ነው?» ስትለኝ ግን ጥናቱ ሁሉ ጠፋኝ።

«አላየነውም። ቤት ነው ያየነው። እማዬ፣ ደባርቅ ልንገባ ነው።»

ጓዳ ገብታ አዲስ ወፍራም ጋቢ ይዛ ወጣች። ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጋ «ለዚያ ብርድ ይሆንሻል» አለችኝ፤ ከዚያ እንባዋ መጣ።

ጋቢ ተፈትሎ፣ ተሸምኖ እስኪወጣ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ አውቃለሁ። ክረምቱን ሙሉ ፊቴ ተቀምጣ ስትፈትል «ለማን ነው?» ብዬ በጠየቅኋት ቁጥር፣ ቀና ሳትል «ለሰው ነው» ትለኝ ነበር።