ለአክስቴ የተለየ ሳህን

ትናንት ከልደታ በተሳፈርኩበት ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጠችው ሴት ነጠላዋ ሸርተት ሲል አንገቷ ላይ ወይን ጠጅ መስመር አየሁ። የጨረር ሕክምና ባለሙያ በማርከር የሚያሰምረው፣ ማሽኑ የሚያነጣጥርበት ምልክት ነው። አጠገቧ የነበረው ሰውዬም አየው መሰለኝ፣ ጨረሩ የሚጋባበት ይመስል መስኮቱን ከፍቶ ጥግ ላይ ተጣበቀ። ደሜ ፈላ። ስንት ዘመን አለፈ፣ ሰዉ ግን ያው ነው።

አክስቴም ደረቷ ላይ እንዲሁ ተሰምሮላት ነበር። አክስቴ ስልህ፣ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር በእግር መኪና ልብስ እየሰፋች ያሳደገችኝ ናት። ግንቦት ልደታ ሲመጣ የግቢያችንን ንፍሮ የምትቀቅለውም እሷ ነበረች። ማርያም ከደጅ ተወለደች ተብሎ የዚያን ቀን ከቤት ውጭ ነው የሚበላው፤ ጎረቤት ሁሉ ከአንድ ሰፌድ ይዘግናል። ስንዴውና ባቄላው ሲንተከተክ ሽታው እስከ አስፋልቱ ይደርስ ነበር።

ደረቷ ላይ የካንሰር ዕጢ ወጥቶ የታመመች ጊዜ እኔ ዩኒቨርሲቲ ገና መግባቴ ነበር። ጠዋት ጠዋት ሆስፒታል የምወስዳት እኔ ነበርኩ። ኮሪደሩ በረኪና በረኪና ይሸታል፤ ከሕክምና ክፍሉ ወፍራም በር ኋላ ማሽኑ ሲያጉረመርም ይሰማኛል። አክስለሬተር ይሉታል፣ አፋጣኝ ማለት ነው። ምን እንደሚያፋጥን የማሽኑን ባለሙያ ስጠይቃት፣ ጎማ በዱላ የሚያንከባልል ልጅ አይቼ እንደማውቅ ጠየቀችኝ። ጎማውን በሰዓቱ በመታው ቁጥር ፍጥነት ይጨምራል። ማሽኑ ውስጥ የሚሮጡት ደግሞ ኤሌክትሮኖች ናቸው፣ በመብራት ሽቦ ውስጥ የሚያልፉት እነዚያው ደቃቆች። አየር በተመጠጠ ቱቦ ውስጥ ሞገድ ከኋላ እየገፋ፣ የብርሃን ፍጥነት ላይ ሊደርሱ ጥቂት እስኪቀራቸው ያስሮጣቸዋል። ከዚያ ከጠንካራ ብረት ጋር ሲላተሙ ጨረር ይወጣል። ማሽኑ በአክስቴ ዙሪያ እየዞረ ያንን ጨረር ከየአቅጣጫው ይልካል፤ ጤነኛው ገላ ጥቂት ጥቂት ሲደርሰው ዕጢው ግን የሁሉንም ድምር ይቀበላል። ቢላ ሳይነካት ማለት ነው።

«እሷ ላይ የሚቀር ጨረር አለ?» አልኳት ባለሙያዋን።

«መብራት ካጠፋሽ በኋላ ቤት ውስጥ የሚቀር ብርሃን አለ?» አለችኝ።

ሕክምናዋን ጨርሳ ብዙም ሳትቆይ ግንቦት ልደታ ደረሰ። አክስቴ ድስቷን ልታወጣ ስትል ጎረቤቶች ተቀበሏት፤ ታመሽ እንዴት ትለፊ፣ አንቺ እረፊ እያሉ። እኔ ሞኟ ደግነት መስሎኝ! ከሰዓት በኋላ ሰፌዱ ቀርቦ እጅ ሁሉ ሲዘረጋ፣ ግድግዳ የምንጋራት ጎረቤታችን ለአክስቴ ብቻ በፕላስቲክ ሳህን ንፍሮ አመጣች። እጇ ላይ እንኳ አልሰጠቻትም፣ መሬት አስቀመጠችላት። ከዚያ አክስቴ ጉልበት ሥር ትጫወት የነበረችውን ልጇን በክንዷ ጎትታ ወሰደቻት። የልጅቷን የክርስትና ልብስ የሰፋችው አክስቴ ነበረች፣ አየህ።

ጮህኩ። ማሽኑ ከጠፋ ጨረሩም እንደሌለ፣ ሰው ላይ እንደማይቀር፣ እንደማይተላለፍ፣ የባለሙያዋን ቃል አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው። የማይሰማ የለም፣ የሚያምን ጠፋ። ጎረቤታችን ዓይኔን እንኳ ሳታይ፣ «ምን ላድርግ ልጄ፣ ያልጠረጠረ ተመነጠረ» አለች። ሳህኑን አነሳሁና ንፍሮውን ሰፌዱ ላይ ገለበጥኩት። የተዘረጋው እጅ ሁሉ ተሰበሰበ። አንድ ሰው አልዘገነም፤ ንፍሮው እዚያው ቀዘቀዘ። አክስቴ ቀሚሴን ያዝ አድርጋ በማርያም ቀን እንዳልሳደብ ለመነችኝ።

እስከ ዛሬ ይቅር አላልኳቸውም። ለሳህኑ ብቻ ቢሆን ኖሮ እተወው ነበር። ዕጢው ለቀቃት፤ ያ ማሽን ሥራውን ሠርቷል፣ ተመስገን ነው። እነሱ የተከሉባት ፍርሃት ግን አልለቀቃትም። ብርጭቆዋን ለብቻ ማስቀመጥ ጀመረች። ልጅ ልብስ ሊለካ ሲመጣ ሜትሩን ለእናትየው ትሰጥና፣ አንቺ ለኪያት ትላለች። ስለ ጎማው፣ ስለ መብራቱ ስንቴ አስረዳኋት። ገባኝ ትለኛለች፣ ከዚያ ሄዳ ብርጭቆዋን ለይታ ታጥባለች። ምን ዓይነት ማሽን ይህን ያወጣል?

ባለፈው ወር ወለድኩ። አክስቴ ልትጠይቀኝ መጥታ በሩ ላይ ቆመች፣ እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ሸሽጋ።

«ከዚሁ ልያት» አለች።

ክንዷን ይዤ አልጋዬ ላይ አስቀመጥኳትና ሕፃኗን ጭኗ ላይ አስተኛሁላት። እጆቿ አየር ላይ ቀሩ። አንዱን ይዤ ሕፃኗ ራስ ላይ አኖርኩት። ብለቀው የምታነሳው መስሎኝ የራሴን እጅ ከላይ ደርቤ ቆየሁ።