ወደ ቀኝ ስታጠፍ የሚጮኸው ክላክስ

መኪናዬ ከሠላሳ ዓመት በላይ ያገለገለች ነጭ የቤት መኪና ናት። ሞተሯ ደህና ነው፤ የምታስቸግረኝ በኤሌክትሪኳ ነው። አንዴ መብራቷ ይጠፋል፣ ሌላ ጊዜ የመስኮቷ መስታወት ይወርድና አልወጣም ይላል። ለዚህ ሁሉ መፍትሔዬ መካኒሳ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ በቆርቆሮ አጥር ውስጥ የሚሠሩ አንድ የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ ነበሩ። ወደ ስድሳ ዓመት የሚጠጉ፣ ቃል የሚቆጥቡ ሰው ናቸው። እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ፣ እሳቸው ልጄ ይሉኛል።

አንድ ሰኞ የቀኝ ፍሬቻዬ አልበራ ብሎኝ ወሰድኩላቸው። ከመሪው ሥር ያለውን ፕላስቲክ ፈተው የተቃጠለ ሽቦ ቀየሩና መልሰው ገጠሙት። ሠራ፤ አመስግኜ ሄድኩ።

ረቡዕ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ስመለስ፣ እዚያው ፕላስቲክ ላይ በብሎን የታሰረው የስልክ ማስቀመጫዬ ተነቅሎ ወደቀ። ብሎኑን ብፈልግ አጣሁት። ቤት ገብቼ ከተሰበረ ቁም ሳጥን የተረፈ ረዘም ያለ ብሎን አገኘሁና ራሴው በቢላዋ ጫፍ አሰርኩት። መጨረሻው ላይ ጠጠር ያለ ነገር ያዘኝ። ጫን ብዬ አዞርኩት፤ ገባ።

ሐሙስ ጠዋት ላፍቶ፣ ከቤቴ በር ወጥቼ ወደ ቀኝ ስታጠፍ ክላክሱ በራሱ ጮኸ። እጄ አልነካውም። መሪውን ሳቃና ዝም አለ። ግራ ገብቶኝ ትንሽ እንደሄድኩ፣ መንገዱን ከግማሽ በላይ የያዘ የለቅሶ ድንኳን አየሁ። ጎረቤታችን አንዲት እናት ሌሊቱን አርፈው ኖሯል። ማለፊያው በቀኝ በኩል ብቻ ነበር። ቀስ ብዬ መሪውን ወደ ቀኝ ሳዞር ክላክሱ ለቀቀው፤ አላቋረጠም። ድንኳን ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ነጠላ ያዘቀዘቁ ሴቶች ለቅሷቸውን አቋርጠው ቆሙ። አንድ የእድራችን ሽማግሌ ወደ መስኮቴ መጥተው፣

«ምን ነካሽ? አስከሬኑ እኮ ገና አልወጣም!» አሉኝ።

«በራሱ ነው! እኔ አይደለሁም!» እላለሁ፤ ጩኸቱ ድምፄን ይውጠዋል። መሪውን ወደ ግራ መልሼ፣ ወደ ኋላ ወጥቼ፣ በሌላ መንገድ ሸሸሁ።

በቀጥታ መካኒሳ ሄድኩ። ጋራዡ ውስጥ ሦስት ደንበኞች ነበሩ። አንዱ የሚኒባስ ሹፌር ነው፤ ቁልፉን ለጋሼ ሊሰጣቸው እጁን ዘርግቷል። ከመኪናዬ ሳልወርድ በመስኮት ጮኽኩ።

«መኪናዬን ምንድን ነው ያደረግኸው?»

አንቱታው ከአፌ ወድቆ ነበር። ሲወድቅ ሰማሁት፤ አላነሳሁትም። ሰውዬው እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ መጡ። የደረሰብኝን አንድ በአንድ ነገርኳቸው፤ ነገርኳቸው ከማለት ወረድኩባቸው ማለት ይሻላል። ሰምተው ሲጨርሱ በጸጥታ ጠየቁኝ።

«ከእኔ በኋላ የነካው ሰው አለ?»

ረጅሙ ብሎን ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ጠጠር ብሎ የያዘኝ ሳይቀር ትዝ አለኝ። ላስብበት ጊዜ አጥቼ አልነበረም፤ አስቤ ነው የመለስኩት።

«ማንም አልነካውም! የፈታኸው አንተ ብቻ ነህ። አንዱን ሠርተህ ሌላውን ታበላሻለህ፣ ሰው እንዲመላለስልህ!»

የሚኒባሱ ሹፌር የዘረጋውን እጅ ሰበሰበ። «ጋሼ፣ ሌላ ቀን ብቅ እላለሁ» ብሎ መኪናውን አስነስቶ ወጣ። ሰውዬው በዓይናቸው ሸኙትና ወደ እኔ ዞሩ።

«ቁልፉን ስጪኝ፣ ልየው።»

አልሰጠሁም። ከሰጠሁ ብሎኑን ያዩታላ! «ሁለተኛ እጅህን አታሳርፍባትም» ብዬ ሄድኩ። ቀኝ እንዳልታጠፍ ዙሪያ ጥምጥም፣ ወደ ግራ ብቻ እየዞርኩ፣ ቤቴ ለመድረስ አንድ ሰዓት ፈጀብኝ።

ግቢ ውስጥ አቁሜ ብሎኑን ፈታሁት። ጫፉ ላይ የሽቦ መዳብ ተልጦ ተጣብቋል። የክላክሱን ሽቦ ወግቼው ኖሯል፤ ወደ ቀኝ ስዞር ፕላስቲኩ ትንሽ ይገፋና ብሎኑ ከመሪው ብረት ጋር ይነካካል። መሪውን ወደ ቀኝ አዞርኩት። ጭጭ። ከመኪናው ወርጄ ሰው ማየት ከበደኝ።

አርብ በምሳ ሰዓት ሄድኩ። ሰዓቱን የመረጥኩት ሰው እንደማይኖር ስለማውቅ ነው። ብቻቸውን እጃቸውን ሲታጠቡ አገኘኋቸውና ብሎኑን አሳየኋቸው። «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው።

ብሎኑን ተቀብለው አገላብጠው አዩት።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

ትናንት ነው፣ ቤት ገብቼ ስፈታው ነው ልል ነበር። እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ እውነቱ አመለጠኝ። «ሲጠይቁኝ ነው።»

ፊታቸው አልተቆጣም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። «ስትሰድቢኝ ሰው ነበር» አሉ። «ይቅርታ ስትጠይቂኝ ግን ማን አለ?»

ቅዳሜ ጠዋት ተመለስኩ። አራት ሰዎች ቆመዋል፤ አንዱ ሐሙስ የነበረ ነው። ክፍል ውስጥ እንደማስተምረው ድምፄን ከፍ አደረግኩ። «ባለፈው እኚህን ሰው በሐሰት ከስሻቸዋለሁ። ያበላሸሁት ራሴ ነኝ፤ እያወቅኩም ዋሽቻለሁ» አልኩ። አንዱ ሳቀ፣ ሌላው ወደ ስልኩ አቀረቀረ። ሰውዬው ደህና አደረግሽም አላሉኝ። «ቁልፉን አምጪው» ብለው የተወጋውን ሽቦ በፕላስተር ጠቀለሉት፣ ማስቀመጫውንም በአጭር ብሎን አሰሩልኝ።

«ያ የሚኒባስ ሹፌር መጣ?» አልኳቸው።

«አልመጣም።»

ከአንድ ሳምንት በኋላ ያን ሹፌር መካኒሳ ታክሲ መያዣው ላይ ሰው ሲጭን አየሁትና ተጠግቼ ሁሉንም ነገርኩት። እጁን መሪው ላይ እንዳሳረፈ ሰማኝ።

«ምን ችግር አለው፣ እህት» አለኝ። «እኔ እኮ ሌላ ጋ ለምጃለሁ።» ረዳቱ በሩን ዘጋ፤ ሄዱ።