አስር ይበቃል

ታላቅ ወንድሜ አሳድጎኛል። ይህን የምለው ውለታውን ላስታውስ ብዬ አይደለም፤ እሱ ራሱ በየቀኑ ስለሚያስታውሰኝ ለኔ የተረፈ ሥራ አልነበረም። አባታችን ሲሞት ከትምህርት እንዳልቀር አደረገ፣ አብነት ሰፈር ባለው ቤቱ አኖረኝ። ኋላም እሱ የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ የሆነበት፣ ልደታ ያለ አንድ መድኃኒት አስመጪ ድርጅት ውስጥ በኮንትራት አስቀጠረኝ። ቤትም ጋሼ፣ ቢሮም ጋሼ። ጫማዬን የት እንዳወለቅኩ እንኳ የሚጠይቀኝ እሱ ነበር።

ተክለ ሃይማኖት አካባቢ አንዲት ክፍል አግኝቼ ነበር። በሯ ለብቻዋ ነው፣ መስኮቷ ወደ ጓሮ ያያል። አከራይዋ እማማ ቋሚ ሠራተኛ ከሆንኩ ሊያከራዩኝ ቃል ገብተውልኛል። ራት ላይ ይህንን ስናገር ጋሼ ጉርሻውን አላምጦ እስኪጨርስ ቆየና፣ «ቋሚ? አንቺ?» ብሎ ሳቀ። ሚስቱም አብራው ሳቀች።

ያኔ የባቡሩ ሐዲድ ሲሠራ ልደታ ተቆፍራ ነበር። ኤክስካቫተሩ የኢንተርኔት ገመዳችንን በየጊዜው ይበጥሳል፤ በተበጠሰ ቁጥር ከክልል ቅርንጫፎች የሚመጣው የመድኃኒት ትእዛዝ ይቆማል። ሥራ አስኪያጇ ቢቸግራቸው በሌላ አቅጣጫ የሚገባ ሁለተኛ መስመርና ሁለተኛ ራውተር አስገዙ። ሥራው ለኔ ተሰጠኝ። በደንብ ከሠራሁት ቋሚ እንደሚያደርጉኝ ራሳቸው ነገሩኝ።

ነገሩ ከባድ አይደለም። ሁለቱ ራውተሮች የቅድሚያ ቁጥር ይሰጣቸዋል፤ ትልቅ ቁጥር ያለው ይሠራል፣ ሌላው ይጠብቃል። ለዋናው መቶ አስር፣ ለተጠባባቂው መቶ ሰጠሁ። ዋናው ቢጠፋ ተጠባባቂው ይረከባል። ችግሩ ዋናው ደህና ሆኖ ወደ ውጭ የሚወጣው መስመሩ ብቻ ሲበጠስ ነው። መብራቱን እያበራ፣ የትም የማያደርሰውን መልእክት ሁሉ ዝም ብሎ ይቀበላል፤ ነዳጅ ጨርሶ ተሳፋሪ እንደሚጭን ታክሲ። ስለዚህ መስመሩን እንዲከታተል፣ ሲበጠስም ከራሱ ቁጥር ላይ ሃያ እንዲቀንስ አዘዝኩት። ያኔ ዘጠና ይሆንና ባለ መቶው ሥራውን ይወስዳል።

ጋሼ ከኋላዬ ቆሞ ያይ ነበር።

«ሃያ ምን ያደርጋል? አስር ይበቃል።»

«በአስር እኮ ሁለቱም መቶ ይሆናሉ ጋሼ። እኩል ከሆኑ የያዘው አይለቅም።»

«ታላቅ ቢደክምም ከታናሹ በታች አይውልም። እኩል ይሁኑ፣ ተከባብረው ይሥሩ።»

ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሳቁ።

«ጋሼ፣ ማሽን እኮ ነው፣ ምን መከባበር...»

«ካንቺ ልማር?» አለና ኪቦርዱን ወደራሱ ስቦ አስር ብሎ ጻፈ። ከዚያ ሥራ አስኪያጇን አስጠርቶ የዋናውን ራውተር የኤሌክትሪክ ገመድ ነቀለ። ተጠባባቂው ወዲያው ተረከበ፤ ተጨበጨበ። ገመዱ ሲሰካም ዋናው ሥራውን መልሶ ያዘ። የውጭውን መስመርም ነቅለን እንየው ስል በሹክሹክታ «አታካብጂ» አለኝ።

ብዙም ሳይቆይ ኤክስካቫተሩ ዋናውን መስመር በጠሰው። ሁለተኛው መስመር ላም አለኝ በሰማይ ሆነ፤ ደህና ነው፣ ግን ምንም አያልፍበትም። የኢንሱሊን ትእዛዝ እየተጠበቀ ስለነበር ሥራ አስኪያጇ ራሳቸው ክፍላችን ድረስ መጡ። እኔ ቁጥሮቹን ከፍቼ እያየሁ ነው። መቶ፣ መቶ።

«ማነው ይሄን የሠራው?»

ጋሼ አንገቱን ደፋ። አንገት ደፊ አገር አጥፊ የተባለው እሱን አይተው ይመስለኛል። «እህቴ ናት» አለ። «አምኜ ሰጥቻት ነው። ልጅ ናት፣ ለኔ ሲሉ ይቅር ይበሏት።»

አስሩን ሃያ አደረግኩት። ተጠባባቂው ተረከበ፣ ትእዛዙም መግባት ጀመረ። «አስር ያደረገው እሱ ነው» አልኩ።

ሥራ አስኪያጇ ስክሪኑን አዩ፣ ከዚያ እኔን። «እንዲህ በአንዴ የምታስተካክይው ከሆነ መጀመሪያ ለምን አላደረግሽውም? ጭራሽ ባሳደገሽ ወንድምሽ ላይ ታላክኪያለሽ?»

ቋሚነቱ ቀረ። ኮንትራቱ ግን ተራዘመልኝ፣ በጋሼ ልመና።

ከሥራ አብረን ወጣን። ልደታ ማርያም በር ላይ ስንደርስ ቆመና፣ «ለአከራይዋ ደውይላቸው» አለኝ። «ትልቅ ሰው በከንቱ አይጠበቅም፣ ነውር ነው።»

«ነገ እደውላለሁ።»

«አሁን።»

ደወልኩ። እማማ «ምነው የኔ ልጅ፣ ቀለም እኮ አስቀባሁልሽ» አሉኝ። እንደማልመጣ ነገርኳቸው። ጋሼ ይህን ጊዜ ፊቱን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዙሮ ይሳለማል፤ ስልኩን እስክዘጋ ግን ጸሎቱ አላለቀም። ጠላሁት። ያበላኝን፣ ያስተማረኝን፣ ሁሉንም ጠላሁበት።

ሲጨርስ ቦርሳዬን ከትከሻዬ ተቀበለኝ። ሰፈራችን ስንገባ አንዲት ጎረቤት ቦርሳዬን በእጁ አየችና፣ «እንዲህ ያለ ወንድም ያለው ምን ይጎድለዋል?» አለችኝ። ጋሼ መልሴን ለመስማት ቆመ።

«ምንም» አልኳት።