የዜማ መምህር ጉሮሮ

መጀመሪያ ያገኘሁት ከመንጋጋዬ ሥር የባቄላ ፍሬ የምታህል እብጠት ነው። አላመመኝም። ወራቱ ጽጌ ነበር፤ ቅዳሜ ማታ ለማኅሌት ገብተን እሑድ ጠዋት የምንወጣበት። በደቡብ ጎንደር፣ ገሳይ ከተማ አጠገብ ባለች ደብር ዜማ አስተምራለሁ። ለእኛ ለባለ ዜማዎች የጉሮሮ ነገር እንግዳ አይደለም፤ ተልባ ይጠጣል፣ ማር ይላሳል፣ ዝም ይባላል። እኔም «ማኅሌቱ ነው» ብዬ ተልባዬን ጠጣሁ። ጽጌው አለፈ፤ እብጠቱ አላለፈም። ምራቄን ስውጥ ጆሮዬን መውጋት ሲጀምረኝ ደብረ ታቦር ሄጄ ታየሁ። ከዚያ ወደ አዲስ አበባ ላኩኝ።

ከእብጠቱ ናሙና ተወስዶ የባዮፕሲው ውጤት ሲመጣ ሐኪሟ ባለቤቴም ባለችበት ነገረችኝ።

«መሪጌታ፣ ካንሰር ነው። ከቶንሲልዎ ተነሥቶ ወደ አንገትዎ ተዛምቷል። ያመጣውም ኤችፒቪ የሚባል ቫይረስ ነው።»

«ድምፄስ?»

«ሕመሙ በሕክምና የሚድን ዓይነት ነው። ስለ ድምፅዎ ግን ቃል አልገባልዎትም።»

ፈራሁ። ለነፍሴም ለድምፄም ፈራሁ።

ቫይረሱ በወንድና በሴት ግንኙነት እንደሚተላለፍ ስትነግረን አፈርሁ። ለዓመታት ተደብቆ ስለሚቆይ ከማን እንደመጣ ማወቅ አይቻልም አለችን። ባለቤቴም የማሕፀን በር ምርመራ አደረገች፤ ደኅና ሆነች። ስንወጣ «ማን አመጣው የሚለውን ተወውና ዳንልኝ» አለችኝ። ከዚያ በኋላ አንሥታብኝ አታውቅም።

ሕክምናው ሳይጀመር ሐኪሟ ከናሙናው ጥቂት ለምርምር እንድፈቅድ ጠየቀችኝ። ቫይረሱ በሴል ውስጥ ያለውን የዘር ውርስ፣ የጂኑን ጽሕፈት ሳይነካ ጂኑን የሚከፍቱና የሚዘጉ ምልክቶችን ያዛባል፤ ይህን የሚያጠናው ኤፒጄኔቲክስ ይባላል አለች።

«እንደ ድጓችን ነዋ» አልኋት። «ቃሉ እንዳለ ነው፤ ከላዩ ያለው ምልክት ከተዛባ ግን ዜማው ይበላሻል።»

ሳቀች። «እንደሱ ነው። ቴሎሜርም አለ፤ የክሮሞሶም ጫፍ ነው። ሴል በተከፈለ ቁጥር ያጥራል፤ ሲያልቅ መከፈሉ ይቆማል። ካንሰር ግን ጫፉን እየቀጠለ አላረጅም ይላል።»

«ለእኔ ይጠቅመኛል?»

«ለእርስዎ አይደርስም። ለሚመጣው ይደርስ ይሆናል።»

እኔም ዜማውን ያገኘሁት ሳያውቁኝ ካለፉ መምህራን ነው። ፈቀድሁ።

ጨረሩ ተጀመረ። ኬሞም ተጨመረ። አፌ ቆሰለ። ውሃ መዋጥ አቃተኝ። በአፍንጫዬ ቱቦ ገባ። ሞትን የለመንሁበት ቀን አለ።

ሲያልቅ ወደ ደብሬ ተመለስሁ። ምራቄ ደርቆ የውሃ ኮዳ ከእጄ ሳይለይ፣ መጀመሪያ አጥሚት፣ ቀጥሎ ፍትፍት እየዋጥሁ፣ ቀስ በቀስ ከተማሪዎቼ መካከል መቀመጥ ጀመርሁ። የክትትል ምርመራዬ እስካሁን ንጹሕ ነው።

አንገታችሁ ላይ የወጣ እብጠት ሳምንታት ከቆየ፣ ባያማችሁም ታዩ። ጠበሉንም ጠጡ፣ ሐኪምም ዘንድ ሂዱ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። ለሴት ልጆቻችሁ የኤችፒቪ ክትባት ሲመጣ አስከትቡ። ለባለቤቴና ለሐኪሞቼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ከሕክምናው በኋላ ማኅሌት የቆምሁበትን የመጀመሪያ ሌሊት አልረሳም። ዜማውን አነሣሁ፤ ከፍ ሲል ድምፄ ተሰበረ። አፍሬ ዜማውን ተውሁት። በቀኝም በግራም የቆሙት መዘምራን ማንም ሳያዛቸው ድምፃቸውን እኔ ወደምደርስበት ዝቅ አድርገው ተቀበሉ። አንዱ ተማሪዬ ጠጋ ብሎ «የኔታ፣ ይምሩን እንጂ» አለኝ።

እያለቀስሁ መራሁ።