የማይጨው ገጽ

አስካለ በቸርችል ጎዳና ላይኛው ጫፍ፣ ከፒያሳ ወረድ ብሎ ባለ አንድ የመንግሥት ጨርቃ ጨርቅ አከፋፋይ ድርጅት ውስጥ የምስጢር መዝገብ ቤት ኃላፊ የሆነችው በአርባ ሁለት ዓመቷ ነው። ሹመት ይባል እንጂ ያገኘችው አንድ የብረት ቁም ሳጥንና አንድ ቁልፍ ነበር።

ከየክፍለ ሀገሩ ቅርንጫፍ በየወሩ ሪፖርት ይመጣል። ስንት ጣቃ አቡጀዲ ተሸጠ፣ ስንቱ መጋዘን ቀረ፣ ማን በሥራ ላይ አለ፣ ማን የለም፤ ሁሉም እዚያ ላይ ይሰፍራል። ቀድሞ የፈለገ ሰው ብድግ አድርጎ ሲያገላብጠው ይውል ነበር። በ1975 ዓ.ም. ግን ሥራ አስኪያጁ ጓድ ወርቅአፈራሁ ጠሯትና፣

«ማን የትኛውን ገጽ ማየት እንዳለበት ዝርዝር አውጪ» አሏት።

አወጣች። ለሽያጭ ክፍል የሽያጩን፣ ለመጋዘን የመጋዘኑን፣ ለአስተዳደር የሠራተኛውን ገጽ መደበች። ከዝርዝሩ ውጭ የሆነ ሰው ለሥራ ግድ ካለው፣ ሥራ አስኪያጁ ሲፈርሙለት ለአንድ ቀን እንዲያይ የሚል ቅጽም ራሷ አሰናዳች። የሰሜን ቅርንጫፎች ሪፖርት ግን ከሥራ አስኪያጁና ከፕላን ኃላፊው በቀር ለማንም እንዳይታይ ተባለ። ለምን ብሎ የጠየቀ የለም፤ ዘመኑ ለምን የሚባልበት አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ሰው ሸሻት። በሠራተኞች ክበብ ትንሿ ክፍል ብቅ ስትል አንዱ የአራዳ ልጅ «ካዝናዋ መጣች!» ይልና ሳቁ ይቆማል፤ ወሬው ወደ ዝናብና ወደ ብርድ ይዞራል። እሷም ሻይዋን ቶሎ ቶሎ ጠጥታ ትወጣለች። ባሏ ከሞተ ስድስት ዓመት ሆኖታል፤ ጊዮርጊስ ጀርባ ባለችው የቀበሌ ቤቷም የሚጠብቃት ሰው የለም።

አብሯት መቀመጥ ያልተወው የመጋዘን ክፍሉ አስገዶም ብቻ ነበር። ዶሮ ማነቂያ ከእናቱ ጋር የሚኖር፣ ቀልድ የሚወድ የማይጨው ሰው ነው። ታናሽ ወንድሙ አርአያ በዚያው በማይጨው ቅርንጫፍ ንብረት ጠባቂ ነበር። በ1977 ኅዳር ላይ አስገዶም ሻዩን ሳይነካ፣

«አስካለ፣ የአርአያ ደብዳቤ ከቆመ ሁለት ወር አለፈ። ሪፖርቱ ላይ ስሙ አለ ወይስ የለም? እሱን ብቻ ንገሪኝ፣ ሌላ አልጠይቅሽም» አላት።

ሪፖርቱን ካነበበችው ሳምንት ሆኗታል። በአርአያ ስም ትይዩ «ከሥራ ገበታው ቀርቷል፤ የት እንዳለ አልታወቀም» ይላል።

«የማይጨው ገና አልደረሰንም» አለችው።

ለምን እንዲያ እንዳለች ራሷም አታውቅም። ፈርታ ነበር፤ ደግሞም የምትነግረው ነገር ከአፏ አልወጣ አላት። በታኅሣሥም ጠየቃት፣ ያንኑ መለሰችለት። ውሸት አንዴ ከተጀመረ ሁለተኛው አይከብድም።

በጥር ወር በአንዱ ጠዋት ነጠላ ያዘቀዘቁ ሴት ከዘበኛው አጠገብ በድንጋይ ላይ ተቀምጠው አየች። የአስገዶም እናት ወይዘሮ ዓለምጸሃይ ናቸው። «ልጄ የሚሠራው ለዚህ ቤት ነው፤ ይህ ቤት የት እንዳደረሰው ይንገረኝ» ይላሉ። ዘበኛው በትሕትና ሸኛቸው።

አስካለ ወደ ቢሮዋ ተመልሳ ያንን የአንድ ቀን ቅጽ በአስገዶም ስም ሞላች። በምክንያቱ ቦታ ላይ «የማይጨውን መጋዘን ቆጠራ ለማመሳከር» ብላ ጽፋ ለጓድ ወርቅአፈራሁ አቀረበች። እሳቸው ስሙን አዩ፤ ቀና ብለውም እሷን አዩ።

«ቆጠራው ነው ያስቸገረው?»

«አዎን፣ ጓድ።»

«አንድ ቀን ነው» አሉና ፈረሙ።

አስገዶም በመስኮቱ ሥር ተቀምጦ ፋይሉን ገለጠ። የወንድሙን ስም ሲያገኝ ጣቱን እዚያው ላይ አኖረና ለረጅም ጊዜ አላነሣውም። ቀጥሎ ወደ ኋላ ገለበጠ። ታኅሣሥን አየ፤ ኅዳርን አየ። በየሽፋኑ ላይ የገቢ ማኅተምና ፊርማ አለ።

«ይኼ ፊርማ ያንቺ ነው?»

«የኔ ነው።»

«ኅዳር አራት ገባ ይላል። እኔ የጠየቅሁሽ ኅዳር አሥራ አንድ ነው።»

ልትለው የፈለገችው ብዙ ነበር። ከአፏ የወጣው ግን «ለማየት አልተፈቀደልህም ነበር» የሚል ሆነ።

አስገዶም አልጮኸም። «እናቴ በነዚህ ሦስት ወሮች ወደዚያ የሚሄድ ሰው ባገኘች ቁጥር በርበሬ ስትልክለት ነበር» አለ። መዝገቡ ላይ ፈርሞ ፋይሉን መለሰላት። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ወይዘሮ አስካለ። አመሰግንዎታለሁ።»

«እርስዎ» ብሏት አያውቅም ነበር። ለጠብ ቢሆን ይቅርታ ትጠይቅበት ነበር፤ ለአክብሮት ምን ይባላል?

እሑድ ዶሮ ማነቂያ ወርዳ ቤቱን ጠይቃ አገኘች። አስገዶም በሩን ከፈተላት፣ ወንበር አቀረበላት፣ ኮቱን ለብሶ ወጣ። ወይዘሮ ዓለምጸሃይ ምስር እየለቀሙ ነበር።

«እማማ፣ እኔ አውቅ ነበር» አለች አስካለ ሳትቀመጥ።

«ነግሮኛል፣ ጓለይ።» በአገራቸው ቋንቋ ልጄ ማለታቸው ነው። «ቁጭ በይ። ዓይኔ ደክሟል፣ ድንጋዩን አንቺ ልቀሚልኝ።»

ለቀመች። ሴትዮዋ ስለ አርአያ ልጅነት፣ በዛፍ ላይ ወጥቶ መውረድ ስላቃተው ቀን አወሩላት። ከዚያ ወዲያ እሑድ እሑድ መሄድ ልማዷ ሆነ። አስገዶም ሁልጊዜ ሰላም ይላታል፣ ሁልጊዜ ይወጣል። በመጋቢት ወደ ቃሊቲ መጋዘን አዛውሩኝ ብሎ ሄደ፤ የዝውውሩን ደብዳቤ መዝገብ ላይ ያሰፈረችው እሷ ነች።

በሚቀጥለው ዓመት በሚያዝያ ወር በአንዱ እሑድ ወይዘሮ ዓለምጸሃይ ከበሩ ደፍ ላይ ተቀበሏት። 

«አለ! ከሰላ ነው ያለው፣ ሱዳን። በነጋዴ እጅ ወረቀት ላከ፣ ወንድሙ አነበበልኝ። እግሩን ታሞ ነበር፣ ድኗል።»

ተቃቅፈው አለቀሱ። አስገዶም በዚያ ቀን ከቤት አልነበረም፤ ቢኖርም ኖሮ ኮቱን ይለብስ እንደነበር ታውቃለች።

ማምሻውን በፒያሳ በኩል ወደ ቤቷ ወጣች። ኬክ ቤቶቹ ሰው ሞልቷቸዋል፤ የወርቅ ቤቶቹ መስኮት ፊት እጮኛሞች ቆመው ቀለበት ይመርጣሉ። ደስታው ደረቷ ላይ ተቀምጦ «አለ» ብላ ለአንድ ሰው መናገር አማራት። በመንገዱ ላይ የምታውቃቸውን ሦስት ሰዎች አገኘች፤ ሦስቱም አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ሰላምታ ሰጥተዋት አለፉ። ቤቷ ገብታ ጫማዋን አወለቀች፣ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች፣ ጎረቤቷ ከወዲያኛው ግድግዳ ራዲዮ ሲከፍት እየሰማች ቆየች።