ጀርባውን ለፀሐይ የሰጠ ጣሪያ

ስሙ በሙሉ ሲጠራ ጋሼ ብሎን ነው፤ ዕድሜው ሃምሳ ስምንት። እናቱ ያወጣችለትን ስም ከስታዲየሙ የሠራተኞች መዝገብ በቀር የሚያውቀው የለም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የኳስ ሜዳውን መቀመጫ፣ በርና አጥር ሲያጠብቅ፣ ሲበይድና ሲጠግን ኖሯል። ኳስ ወዳድ አይደለም። ለእርሱ ኳስ ማለት ሃያ ሁለት ጤነኛ ሰዎች እየተራገጡ የእርሱን ሥራ የሚያበዙበት ሰበብ ነው።

ከስድስት ዓመት በፊት የእንግዳው ቡድን ተጠባባቂዎች የሚቀመጡበትን ቦታ በስምንት የፕላስቲክ ሉህ ጣሪያ ያለበሰው እርሱ ነበር። መስታወት የሚመስለው ይህ ፕላስቲክ በመዶሻ ቢቀጠቀጥ ይጎብጣል እንጂ አይሰበርም። ጠላቱ ፀሐይ ናት። እርሷን የሚመክትለት ስስ ልባስ አለው፤ ልባሱ ግን ያለው በአንድ ፊቱ ብቻ ነው። የትኛው ፊት ወደ ሰማይ መዞር እንዳለበት የሚናገረው በላዩ የተለጠፈው ጽሑፍ ያለበት ላስቲክ ነውና፣ ላስቲኩ መላጥ ያለበት ሉሁ ቦታውን ከያዘ በኋላ ነው። ጋሼ ብሎን ይህን ለስንቱ ሲያስተምር የኖረ ሰው ነው። ያን ዕለት ግን ነፋሱ ላስቲኩን እያርገበገበ አስቸገረው። ትዕግሥቱ አለቀና ስምንቱንም እመሬት ላይ ልጦ ከግድግዳ አስደገፋቸው። ምሳውን በልቶ ሲመለስ ነፋሱ ሦስቱን አገላብጦ ጥሏቸዋል። ቢያያቸው ፊታቸውም ጀርባቸውም አንድ ነው።

«ፀሐይ እንደሆነች ፊትና ጀርባ አትለይም» አለና በብሎን አሰራቸው።

ፀሐይ ግን ለየች። በሦስተኛው ዓመት አምስቱ እንደ ውሃ ጠርተው ሳለ ሦስቱ እንደ አጫሽ ጥርስ ቢጫ ሆኑ። በጥፍሩ ሲመታቸው እንደ ደረቀ ቅል ይንኳኳሉ። ይለወጡ ብሎ ማመልከት «እኔ አጠፋሁ» ማለት ሆነበት። ስለዚህ ልዩነቱ እንዳይታይ ስምንቱንም ነጭ ቀለም ቀባቸው። ቀለሙን ያቀጠነበት ፈሳሽ ፕላስቲኩን ይብስ እንደሚያደርቀው ያውቅ ነበር። እያወቀ ቀባ።

በዚያ ሜዳ አንድ ጸያፍ ልማድ ነበር። ትከሻው እንደ በር የሰፋ ጎማ ጠጋኝ፣ ባላንጣው ቡድን በመጣ ቁጥር ከሦስተኛው ረድፍ ተነሥቶ ቡጢ የሚያህል ድንጋይ ወደዚያ ጣሪያ ይወረውራል። ጣሪያው ድም ይላል፣ ድንጋዩ ይነጥራል፣ ሕዝቡ ይስቃል። የሚይዘው ቀርቶ የሚገሥጸው እንኳ አልነበረም፤ ዘበኞቹም አብረው ይስቁ ነበር።

ዘንድሮ ባላንጣው ቡድን አዲስ ወጌሻ ቀጠረ። ወጌሻው የጋሼ ብሎን የአንዲት ልጁ ባል ነው። በጨዋታው ቀን ጠዋት ሻንጣውን አንጠልጥሎ ወደ አማቱ መጣ።

«አባባ፣ ዛሬ እንኳ ለእኛ ይጸልዩልን።»

«ጸሎቴን ለአጥሩ ጨርሼዋለሁ። አንተ የት ነው የምትቀመጠው?»

«ከጫፍ ነኛ። የተመታ ሲኖር ቶሎ እንድሮጥ።»

ጫፉ ከሦስቱ ከአንዱ ሥር ነው። «ወደ መሐል ግባ» አለው።

«መሐሉ የአሠልጣኙ ነው። ምነው፣ ያፈሳል እንዴ?»

«አያፈስም» አለ ጋሼ ብሎን። ይህ ውሸት አልነበረም፤ ማፍሰስስ አያፈስም።

በአርባኛው ደቂቃ እንግዶቹ ሁለተኛ ግብ አገቡ፤ ሜዳውም ታመሰ። ሰው ወንበር ነቅሎ ሰው ላይ ወረወረ። አንዱ ዘበኛ በገዛ ዱላው ግንባሩን ተፈንክቶ ደረጃው ላይ ተዘረጋ። ጎማ ጠጋኙ ተነሣ፤ እንደ ልማዱ ክንዱን አዙሮ ድንጋዩን ለቀቀው።

ጣሪያው ድም አላለም። ጧ ብሎ ተሰነጠቀና ስለት ስለት ሆኖ ወረደ። ቀዳዳውን ያየ ሁሉ ድንጋይ አነሣ፤ ከሦስቱ የቀሩት ሁለቱ ሉሆችም ተሰበሩ። ጋሼ ብሎን መፍቻውን እንደ ጨበጠ ሲደርስ ወጌሻው ተንበርክኳል። እንደ ቢላዋ የሾለ ነጭ ስባሪ በግራ ዓይኑ ተተክሏል፤ ደሙ በጣቶቹ መካከል ይወርዳል።

«አባባ፣ አይንቀሉት» አለ፤ ሙያው ነውና ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። «ሐኪም ነው የሚነቅለው። እጄን ብቻ ይያዙልኝ።»

ጋሼ ብሎን እጁን አልያዘውም። ዞር ሲል ጎማ ጠጋኙን አየው። ሰውየው ሳይሸሽ በገዛ እግሩ አጥሩን ዘልሎ መጥቷል፤ ፊቱ አመድ መስሏል። «ይነጥር አልነበር እንዴ?» አለ። የእንግዳው ቡድን ተጫዋቾች የማዕዘኑን ባንዲራ ዘንግ ነቅለው መንጋጋውን አሉት፤ ወድቆም በታኬታ ረገጡት። ጋሼ ብሎን በመካከላቸው ሰንጥቆ ገባ። መሬት ላይ የተዘረጋውን ቀኝ ክንድ በጉልበቱ ተጭኖ በመፍቻው አንድ ጊዜ መታው፤ ሁለተኛም መታው። አጥንቱ ሲሰበር ሰማ። ሦስተኛ ሊመታ እጁን ሲያነሣ ነው የያዙት።

የወጌሻው ዓይን አልተረፈም። ጎማ ጠጋኙ ከሆስፒታል አልጋ ጋር በካቴና ታሥሮ ተኝቷል። የተሰበረውን ክንድ ጉዳይ አንድም ሰው አልጠየቀም፤ «አባት አይደል እንዴ» ተብሎ ታለፈ።

በአምስተኛው ቀን መርማሪው ስባሪዎቹን በጆንያ ይዞ ወደ ጋሼ ብሎን መሥሪያ ቤት መጣ። ልጁም አባቷን ፍለጋ መጥታ ከበሩ ላይ ቆማ ነበር።

«ጋሼ፣ የባለሙያ ቃል ነው የምፈልገው» አለ መርማሪው። «ሰውየው ‹በየዓመቱ ሲነጥር ነው የማውቀው፤ ቀልዴን ነበር› ይላል። ጣሪያው ጤነኛ ከነበረ፣ እርሱን የሰበረ ውርወራ ቀልድ አይደለም፤ ሰው ሊገድል ከልቡ ወርውሯል ማለት ነው፤ አሥራ አምስት ዓመት ይጠብቀዋል። ጣሪያው አስቀድሞ የተበላሸ ከነበረ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። እርስዎ ነዎት የሠሩት። እንዴት ነበር?»

«ምን ይጠየቃል?» አለች ልጁ። «የአባቴ ሥራ መቼ ተበላሽቶ ያውቃል? ጤነኛ ነበር በልና ፈርምለት፣ አባዬ። ያ አውሬ እዚያው ይበስብስ።»

ጋሼ ብሎን ከጆንያው አንዱን ስባሪ አወጣ። ጠርዙን በአውራ ጣቱ ጫን ቢለው እንደ ደረቅ ብስኩት ተፈረፈረ። ፍርፋሪውን በመዳፉ ሸሸገ። እውነቱን ቢጽፍ ልጁ የባሏን ዓይን ያጠፋው የማን እጅ እንደሆነ ታውቃለች፤ ያን ዕለት ጠዋትም አንድ ቃል ተናግሮ ሊያድነው ሲችል «አያፈስም» ብሎ እንዳለፈው ታውቃለች። ቢዋሽ፣ በገዛ እጁ ክንዱን የሰበረው ሰው አሥራ አምስት ዓመት ወህኒ ይወርዳል። ያም ሰው ቢሆን ንጹሕ አይደለም፤ ድንጋዩን ማንም ወርውር አላለውም።

መርማሪው ወረቀቱን ዘርግቶ ብዕሩን አቀበለው። ልጁ ጠጋ ብላ እጇን ትከሻው ላይ አሳረፈች። አንባቢ ሆይ፣ አንተ በዚያ ወንበር ብትቀመጥ ምን ብለህ ትፈርም ነበር?